በካንዴላሪያ ቀን የተከፈተው መስኮት

እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 2 ቀን፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ የታች ሰፈር የሙዚቀኞች ጓድ፣ ማሪያቺ የሚሉት፣ የሳን ኦኖፍሬ ከተማን ዳገት ይወጣ ነበር፤ ከገደሉ የሚነሣው ጉም እሬት መሰሉን የአጋቬ ተክል ማሳ ገና አልለቀቀም፤ የድንጋዩ መንገድ በጤዛ ርሶ ያንሸራትታል፤ ሙዚቀኞቹም ቫዮሊንና ጊታራቸውን ከብርዱ ለመከለል እንደ ሕፃን ከደረታቸው አስጠግተው ያለ ቃል ይራመዳሉ። ከፊታቸው የሰፈሩ ድምፅ የሚባለው የአሥራ ስምንት ዓመቱ ኤቫሪስቶ ሴፔዳ አንገቱን በሱፍ ጨርቅ ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ከኋላ ደግሞ በጥቁር ፈረስ ላይ፣ በብር የተጠለፈ ባርኔጣ የደፋ ዶን ሊሳንድሮ ኡርኪሳ ይከተላል። ዶን ሊሳንድሮ የላ ኖሪያ ርስት ጌታ የበኩር ልጅ ነበር፤ መንግሥት የርስታቸውን እኩሌታ ለገበሬ ካከፋፈለው ወዲህ የኡርኪሳዎች ሀብት ቢሳሳም ኩራታቸው አልሳሳም ነበር።

የሚሄዱት ወደ ላይ ሰፈር፣ ወደ ዶን ትራንኪሊኖ አንጊያኖ ቤት ነው። የዶን ትራንኪሊኖ ልጅ ካንዴላሪያ ስሟን የወሰደችው ካንዴላሪያ ከሚባለው ከዚህ የእመቤታችን የሻማ በዓል ስለ ነበረ፣ ዶን ሊሳንድሮ በስሟ ቀን ንጋት በመስኮቷ ሥር ሊያዘፍንላት የታች ሰፈርን ማሪያቺ ቀጥሮ ነበር። የላይ ሰፈርን እንዳይቀጥር፣ የላይ ሰፈር ማሪያቺ አለቃ ራሱ የልጅቷ አባት ነው፤ አባት በገዛ ልጁ መስኮት ሥር ለሌላ ወንድ በገና ቢደረድር ዶሮ ይስቅበታል።

በዚያ ዘመን በሳን ኦኖፍሬ ሰው ሲወለድ ከሁለት ወገን በአንዱ ተወለደ፤ ወይ የበገና ወገን ነው፣ ወይ የትራምፔት። ዶን ትራንኪሊኖ ከአያቱ የወረሰው፣ ከሰው ቁመት የሚረዝም በገና ነበረው፤ ትራምፔት የጦር ሰፈር ዕቃ ነው፣ ወታደር ለመቀስቀስ እንጂ ሰው ለማፋቀር አልተፈጠረም ብሎ ይምላል። የኤቫሪስቶ አባት ዶን ሜሊቶን ደግሞ አንድ ጊዜ ትልቁ ከተማ ጉዋዳላሃራ ወርዶ ራዲዮ ሰማና፣ ሲመለስ አንድ ትራምፔት ነፊ ይዞ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አለቆች በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲተላለፉ እንኳ ሰላምታ አይለዋወጡም ነበር፤ አንዱ ካለበት ሰርግ ሌላው አይሄድም፤ ከተማውም ይህን ጠብ እንደ ርስት ጠብቆ ያቆየው ነበር፤ ምን ይደረግ፣ ጠብ ሲኖር ዘፈን ያምራል።

የልጆቹ ጠብ ግን ከአባቶቻቸው ይብስ ነበር። ካንዴላሪያ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋ ከከተማው ድምፅ ሁሉ የበለጠ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ይሁን እንጂ ማሪያቺ የወንድ ሥራ ነውና፣ ሴት ልጅ በአደባባይ ከማሪያቺ ጋር ብትዘፍን የመጠጥ ቤት ሴት ናት ትባላለች። ስለዚህ ካንዴላሪያ የምትዘፍነው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል፣ ደግሞም በቤቷ ግድግዳ ውስጥ ሆና የአባቷን ዘፋኞች ስሕተት ለማረም ነበር። ኤቫሪስቶን ግን የምታርመው በገበያ ነው። ከካንዴላሪያ ቀን በፊት በነበረው ሳምንት በቆሎ ልትገዛ ወጥታ አገኘችው።

«ባለፈው እሑድ ስዘፍን ሰማሽኝ?» አላት፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ።

«ያልሰማህ ማን አለ? የአህያ ተራው በሙሉ ዞሮ አየ። ዘመድ የመጣ መስሏቸው።»

«ቀንተሽ ነው።»

«በምንህ ልቅና? ዝላዩ ጋ ስትደርስ ትንፋሽህ ያልቅና ጩኸት እንደሚለማመድ ጫጩት ትሰነጠቃለህ።»

ዝላይ የሚሉት ድምፅ ከደረት ተነሥቶ አናት ላይ በአንድ ጊዜ የሚወጣበትን ቦታ ነው፤ የአገራችን የሃሊስኮ ዘፋኝ የሚሞገሰውም የሚዋረደውም እዚያ ላይ ነው። ኤቫሪስቶ ደሙ ፈላ።

«እሺ ወይዘሪት አስተማሪ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«አንተ የምትተነፍሰው ልትዘል ስትል ነው። ሁለት ቃል ቀድመህ ተንፍስ። ከዚያ አየሩን ያዘው፤ እንደ ስስታም ያዘው። ስትደርስ ብቻ ልቀቀው።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ጆሮዬ» አለችና በቆሎዋን ተሸክማ ሄደች።

ልጁ በንዴት ወደ ገደሉ ወረደ፤ ማንም በማይሰማው ቦታ ቆሞም ሁለት ቃል ቀድሞ እየተነፈሰ ሳምንቱን ሙሉ ዘለለ። የነገረችው እውነት ነበር፤ ይህም ይበልጥ አበሳጨው።

እንግዲህ የመስኮቱን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በሳን ኦኖፍሬ ዜማ ከመስኮቷ ሥር የመጣላት ልጃገረድ የእንጨቱን መዝጊያ ዘግታ ታዳምጣለች፤ ሳትከፍት ከቀረች ያስዘፈነው ሰው ባርኔጣውን ደፍቶ ይመለሳል፣ ማንም ማንንም አያማም። ከከፈተች ግን ልቧን ከፈተች ማለት ነው፤ ያንንም ጎረቤቱ ሁሉ ይመሰክራል። ዘፋኙ በዚህ ውስጥ ሰው ሆኖ አይቆጠርም፤ የተቀጠረ ጉሮሮ የቀጣሪው ነውና፣ የሚዘፍነው ኤቫሪስቶ ቢሆንም በሕጉ ፊት እዚያ የቆመው ዶን ሊሳንድሮ ብቻ ነበር።

ማሪያቺው ከመስኮቱ ሥር ተሰለፈ። ዶን ሜሊቶን ራሱን ነቅንቆ ምልክት ሰጠ፤ ቫዮሊኖቹ ጀመሩ፤ ኤቫሪስቶም የሱፉን ጨርቅ ከአንገቱ ፈትቶ ዘፈነ። ካንዴላሪያ በአልጋዋ ላይ ዓይኗን ጨፍና፣ ስሕተቱን እየጠበቀች፣ አዲስ ስድብ እያዘጋጀች ታዳምጥ ነበር። ዝላዩ ሲቃረብ ልጁ ሁለት ቃል ቀድሞ ሲተነፍስ ሰማች። ተነሥታ ተቀመጠች። ድምፁም ወጣ፤ ሳይሰነጠቅ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ጥርት ብሎ በጉሙ ላይ ተንሳፈፈ፤ እንደዚያ ያለ ዝላይ በዚህች ከተማ ከዚያ በፊት አልተሰማም። ካንዴላሪያ በባዶ እግሯ ዘልላ ሁለቱን መዝጊያዎች ወለል አድርጋ ከፈተች።

«አየህ? አልነገርኩህም?» አለችው።

ይህን ቃል ከኤቫሪስቶ በቀር የሰማው የለም፤ ወዲያው ትራምፔቱ ገብቶ ሸፈነው። ጎረቤቱ ያየው የተከፈተውን መስኮት ብቻ ነው። አንዱ ርችት ተኮሰ፤ ዶን ሊሳንድሮም ከፈረሱ ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ እጅም ነሣ። ልጅቷ እሱን ያየችው ያን ጊዜ ነበር።

ጧት ታማሌው፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለው የበዓል በቆሎ፣ ቀርቦ ማንም አልነካውም። ዶን ትራንኪሊኖ ልጁን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ «መስኮቱን ማን ከፈተው?» አላት።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ነፋስ ነው በይኝ።»

«ነፋስ አልነበረም።»

«እንግዲያው ለኡርኪሳ ልጅ ልብሽን ሰጥተሻል።»

«ኧረ እኔ እሱን አላየሁትም! ኤቫሪስቶ እኮ ዘለለ። በትክክል ዘለለ፤ አልሰሙትም?»

«ኤቫሪስቶ እዚያ አልነበረም» አለ አባትየው ጠረጴዛውን እየመታ። «የተቀጠረ ጉሮሮ የቀጣሪው ነው።»

እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት አክስቷ ዶኛ ኤዱቪሄስ ከምድጃው አጠገብ ሆና፣ «ወንድሜ፣ ለጉሮሮው ከፍታ ከሆነማ የባሰ ነው፤ የታች ሰፈር ጉሮሮ ነው» አለች። ዶን ትራንኪሊኖ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

በሳምንቱ ዶን ሊሳንድሮ እንደ ወጉ ቄሱንና ሽማግሌዎችን ላከ። ዶን ትራንኪሊኖ ልጁን አይጠላትም፤ እንዲያውም ከነፍሱ አብልጦ ይወዳታል፤ ነገር ግን ከተማ የመሰከረበትን መስኮት አባት ሊክድ አይችልም፤ ቃሉን ሰጠ። በዚያው ሰሞን የኡርኪሳ ቤት ሐዘን ስለ ደረሰበትና ዐቢይ ጾምም ስለ ተቃረበ፣ ቀለበት የሚታሰርበት ቀን ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሐሙስ እንዲሆን ተቆረጠ። ዶን ሊሳንድሮ ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ከሰዓት ሊጠይቃት መጥቶ፣ ከአክስቷ ፊት ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ «በእኛ ቤት ፒያኖ አለ፤ እናቴ ታስተምርዎታለች» አላት።

«ዘፈንስ ጌታዬ?»

«በላ ኖሪያ ሴቶች የሚዘምሩት ለእመቤታችን ነው፤ እሱንም በቀስታ። ግን አይቸገሩ፤ ሁሉም ይለምዱታል።»

ካንዴላሪያ ያን ዕለት አለቀሰች። ስለ ባልየው አልነበረም የምታለቅሰው፤ ጉሮሮዋ በሕይወት ሳለች ሊቀበር መሆኑን ስላወቀች ነው።

ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም ማሪያቺ አይዘፍንም፤ በገናውም ትራምፔቱም በጨርቅ ተሸፈኑ። ይሁን እንጂ የስቅለት ዝማሬ ልምምድ ስለ ነበረ ሁለቱ ልጆች በቤተ ክርስቲያን ይገናኙ ነበር። አንድ ቀን ከልምምዱ በኋላ ኤቫሪስቶ በቅጥሩ ውስጥ ካለው ብርቱካን ሥር አገኛት፤ ዶኛ ኤዱቪሄስ ጠባቂ ናትና ትንሽ ራቅ ብላ በድንጋይ አግዳሚ ላይ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣ ነበር።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው» አላት።

«ለምኑ?»

«በደንብ ስለ ዘፈንኩ።»

ካንዴላሪያ ሳቅ አመለጣት፤ ከካንዴላሪያ ቀን ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ስሚኝ ካንዴ። አጎቴ ፈረስ አለው። ከተራራው ወዲያ የእናቴ ቤተሰቦች ዘንድ...»

«ይዘኸኝ ልትጠፋ? ከዚያ ከተማው ምን ይላል? ‘ለኡርኪሳ ከፍታ ከሴፔዳ ጋር ጠፋች!’ አባቴ በገናውን ፈልጦ ይማግደዋል። አልጠፋም። ስሕተቴን በቆምኩበት ነው የማርመው።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«በዜማ የተከፈተ መስኮት በዜማ ይዘጋል። አክስቴ ናት የነገረችኝ። በአደባባይ፣ በቀን፣ ሰውየው ባለበት፣ በዚያው ዜማ መልስ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ማንም በማንም አያዝንም።»

ዶኛ ኤዱቪሄስ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «በእኔ ዕድሜ የተደረገው አንዴ ብቻ ነው» አለች። «ለዚያች ልጅ ወንድሟ ነው የዘፈነላት። ሰክሮ ስለ ነበር የዘጋው በሌላ ሰው ላይ ነው፤ ያም ሰው እስኪሞት ድረስ ምን እንዳጠፋ አላወቀም።»

ኤቫሪስቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባትሽ ይዘፍንልሻል?»

«ቃሉን ሰጥቷል። ምን ብሎ ያጥፈዋል?»

«እኔ ልዝፈንልሽ።»

«አንተማ ከፋቹ ነህ። ከፋችም ዘጊም አንድ ሰው ከሆነ የሌባ ሥራ ይመስላል።»

«ታዲያ ማን ቀረ?»

«እኔ ቀረሁ» አለችው።

ልጁ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዘ። በአደባባይ ዘፍና ከተማው ባይቀበላት ኡርኪሳም እንደማያገባት፣ ሌላም እንደማያገባት፣ የአባቷ ማሪያቺም በማንም ደጅ እንደማይጠራ ያውቃል። ወደ እሷ ቀረብ ብሎ፣ «ያን ጧት ስዘል ማንን እያሰብኩ እንደ ነበር ታውቂያለሽ?» አላት።

«ዶን ሊሳንድሮን።»

«አንቺን። ከመስኮቱ በስተጀርባ ሆነሽ የምትስቂብኝ እየመሰለኝ።»

«አልሳቅሁም» አለችው ካንዴላሪያ። «ልቤ ነው የቆመው።»

ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ወደ ብርቱካኑ ዛፍ አዩ። የተዋደዱት መቼ እንደ ሆነ እነርሱም አያውቁት፤ ምናልባት ከመጀመሪያው ስድብ ጀምሮ ይሆናል። ዶኛ ኤዱቪሄስ ጥቂት ከታገሠች በኋላ አሳለችና ተነሣች።

ማርች 18 ቀን ምሽት ከተማው በሙሉ በመድኃኒት ቤቱ ራዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ የሪፐብሊኩን ፕሬዚዳንት ንግግር ሰማ፤ የባዕዳን ኩባንያዎች የአገሪቱን ፍርድ አንቀበልም ስላሉ፣ የምድራችን ነዳጅ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ የሕዝቡ ሆኗል የሚል ነበር። በሳን ኦኖፍሬ ምድር አንዲት ጠብታ ነዳጅ የለም፤ ቢሆንም ሽማግሌዎች ሲያለቅሱ አይተናል። ለኩባንያዎቹ ካሣ መክፈል ይገባል ተብሎ በአገሩ ሁሉ መዋጮ ሲታወጅ፣ የከተማችን ሹም ኮሎኔል ማካሪዮ፣ በአብዮቱ ጊዜ አንድ ጆሮውን ያጣ ሰው፣ ከዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ቅዳሴ በኋላ ሴቶች በሰልፍ ወደ አደባባይ ወጥተው ስጦታቸውን በሙዚቃው ሰገነት ላይ እንዲያኖሩ አዘዘ። በዚህች ከተማ ሴቶች በስማቸው እየተጠሩ ወደ አደባባይ ሲወጡ የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱንም ማሪያቺዎች አስጠርቶ፣ «በአንድ ሰገነት ላይ ተራ በተራ ትጫወታላችሁ። ከተጣላችሁ በአንድ ክፍል ነው የማስራችሁ፤ መሣሪያዎቻችሁንም አብሬ» አላቸው። ዶን ትራንኪሊኖ ከትራምፔት ጋር ከመታሰር ሰገነቱን መረጠ፤ ዶን ሜሊቶንም እንዲሁ።

እሑዱ ደረሰ፤ ለቀለበቱ የቀረው ያ ሳምንት ብቻ ነበር። ሴቶቹ መጎናጸፊያቸውን ተከናንበው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ሰገነቱ ተሰለፉ፤ አንዷ የጆሮ ጉትቻዋን፣ አንዷ የልብስ ስፌት መኪናዋን፣ ብዙዎቹ ደግሞ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎችን ይዘው ነበር፤ ኮሎኔሉም እያንዳንዷን ስሟን ጠርቶ እጇን ይጨብጣል። የላይ ሰፈር በገና ተጫወተ፤ የታች ሰፈር ትራምፔት መለሰ። ዶን ሊሳንድሮ ከእናቱ ጋር በአደባባዩ ራስ፣ በዛፉ ጥላ ሥር በክብር ቆሞ ነበር።

ተራው እንደገና ለታች ሰፈር ሲደርስ ኤቫሪስቶ አባቱን ሳይጠይቅ የካንዴላሪያን ጧት ዜማ ጀመረ። ዶን ሜሊቶን ግር ቢለውም ተከተለው። ያን ጊዜ ካንዴላሪያ ከሰልፉ ውስጥ ባዶ እጇን ወደ ኮሎኔሉ ፊት ቀረበች።

«አንቺስ ምን ይዘሽ መጣሽ ልጄ?»

«ድምፄን ጌታዬ።»

«ድምፅ በምን ይመዘናል?»

«በሚቀረው ጆሮዎ ይመዝኑት» አለችው። ኮሎኔሉ በሳቅ እየተንከተከተ መንገድ ለቀቀላት።

ደረጃውን ስትወጣ ጉምጉምታው ተነሣ፤ «የመጠጥ ቤት» የሚለው ቃል ከወንዶቹ በኩል ተሰማ። ከኋላዋ ዶኛ ኤዱቪሄስ ዶሮዋን በብብቷ ይዛ፣ «ያን ቃል ያለው ይምጣና እዚህ ይድገመው። ዶሮዬ ዓይን ታወጣለች» ስትል ጉምጉምታው ረገበ። ኤቫሪስቶ የጀመረውን ስንኝ ጨርሶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ ቦታውን ለቀቀላት። ካንዴላሪያም በዚያው ዜማ ገባች፤

*በካንዴላሪያ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ገና፣*
*መስኮቴን ከፈትሁት ዜማ ሰማሁና፤*

ዶን ሜሊቶን ግን ነገሩ ሲገባው እጁን አነሣ፤ «ለአንጊያኖ ልጅ አንድ ክር አይነካም» አለ። ቫዮሊኖቹ ቆሙ፤ ጊታሮቹ ቆሙ፤ ትራምፔቱም ከከንፈር ወረደ። ልጅቷ ያለ አጃቢ ብቻዋን ቀረች። ድምፅዋ ግን አልቆመም፤

*ባርኔጣ አላየሁ፣ ፈረስም አላየሁ፣*
*ጆሮዬን ተከትዬ ወደ ዜማው ሄድሁ፤*

ዶን ትራንኪሊኖ በሰገነቱ ማዶ በገናውን ተደግፎ ቆሟል። ቃሉን ለኡርኪሳ ሰጥቷል፤ ዝም ቢል ቃሉ ይጸናል፤ ልጁ ግን በከተማው ፊት ተዋርዳ ትወርዳለች። ቢመታ ደግሞ ሰባ ዓመት የተከበረው የአንጊያኖ ቃል በገዛ ጣቱ ይፈርሳል። ልጅቷ ወደ እሱ አልዞረችም፤ ልትለምነው አልፈለገችም፤ ወደ ዝላዩ እየቀረበች ነበር። ሽማግሌው ሁለት ቃል ቀድማ ስትተነፍስ ሰማት። ከዚያ በኋላ ልቡ ምን እንዳለው አልተናገረም፤ እጆቹ ግን ወደ ክሮቹ ሄዱ፤ በገናውም ከሥሯ ተነሥቶ ድምፅዋን ተሸከመው።

*ዶን ሊሳንድሮ ጌታ፣ ክብርዎ አይነካ፣*
*ያን ጧት የከፈትሁት ለድምፁ ነው ለካ፤*

በ«ለካ» ላይ ዘለለች። ስለዚያ ዝላይ በኋላ ብዙ ተወርቷል፤ አንዳንዱ እስከ ገደሉ ማዶ ተሰማ ይላል፣ ውሸት ነው፤ ነፋሱ ወደዚያ አልነበረም። እውነቱ ይህ ነው፤ በአደባባዩ የነበሩት ሴቶች ሁሉ አብረዋት ትንፋሻቸውን ያዙ፤ እሷም ወጣች፤ ከኤቫሪስቶም በላይ ወጣች፤ እዚያም እንደ ልቧ ቆየች፤ ስትወርድ እንኳ ሳትቸኩል ወረደች።

*በዜማ ከፍቼ በዜማ ዘጋሁት፣*
*ቃሌን ሰው እየሰማ በፀሐይ ሰጠሁት።*

ዶን ሊሳንድሮ ከዛፉ ጥላ ሥር ወጥቶ በሕዝቡ መካከል ወደ ሰገነቱ ሄደ፤ ሰው መንገድ እየለቀቀ አሳለፈው። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል። ከደረጃው ሥር ሲደርስ በብር የተጠለፈ ባርኔጣውን አወለቀና በዶሮዎቹና በጉትቻዎቹ መካከል አኖረው።

«ይህ ለነዳጁ ነው» አለ። «መስኮቱ መዘጋቱንም ሰምቻለሁ፤ ወይዘሪት ካንዴላሪያ። እንደ ወጉ ነው የዘጉት።» ከዚያም ለእናቱ ክንዱን ሰጥቶ፣ በፀሐይ ባዶ ራሱን፣ ቀስ ብሎ ሄደ። ኩራት ብዙ ሰው አጥፍቷል፤ ያን ቀን ግን አንድ ሰው አቆመ።

ኤቫሪስቶ ከእንግዲህ የማንም ተቀጣሪ አልነበረም። ከካንዴላሪያ ጎን ቆሞ ዜማውን ከሷ ተቀበለ፤ እሷም መለሰችለት፤ እሱ ሲወጣ እሷ ትጠብቀዋለች፣ እሷ ስትወጣ እሱ ከሥሯ ይይዛል፤ ሲሰዳደቡ የከረሙ ሁለት ጉሮሮዎች አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እንደ ራሱ ያውቁት ኖሯል። በገናው ብቻውን ሲያጅባቸው ዶን ሜሊቶን ከንፈሩን ነክሶ አዳመጠ፤ ልጁን አየ፤ ልጅቷን አየ፤ ከዚያም ወደ ትራምፔት ነፊው ዞሮ፣ «ምን ትጠብቃለህ? ንፋ እንጂ» አለው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «ዝቅ አድርገህ ንፋ፤ በገናውን እንዳትውጠው» አለ። ዶን ትራንኪሊኖ ይህን ሰማ። ከዓመታት በኋላ በሁለቱ መካከል የተነገረ የመጀመሪያ መልካም ቃል ይህ ነበር፤ ሽማግሌውም ቀና ብሎ ሳያይ ትራምፔቱ እንዲገባ በበገናው ቦታ ከፈተለት።

ሴቶቹ ጮኹ፤ ዶሮዎቹም ጮኹ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ማን እንደ ደወለው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ካንዴላሪያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የኤቫሪስቶን እጅ ያዘች፤ ማንም «ተዪ» አላላትም።

በኋላ ሽማግሌዎች ዶን ትራንኪሊኖን፣ «ቃልህን በጣትህ አፈረስኸው» ብለው ሊወቅሱት መጡ። እሱም ጢሙን እየጎነጎነ፣ «እኔ እዚያ አልነበርኩም» አላቸው። «አጃቢ የዘፋኙ ነው፤ ሕጋችሁን ጠይቁ።» ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና የቀረበላቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ሁለቱ በሚቀጥለው ዓመት ተጋቡ፤ በሰርጉ ማን ይጫወት በሚለው ላይ ሰፈሮቹ ሊደባደቡ ሲሉ ሙሽሪት ራሷ ተነሥታ ዘፈነች። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል በሃሊስኮ ከተሞች አደባባይ ከባሏ ጋር ዘፍናለች፤ ያም ሆኖ ስለ ማሪያቺ በተጻፈው ታሪክ ውስጥ ስሟ የለም። ትራምፔቱ አሸነፈ፤ ታላቁ በገና ከብዙ ማሪያቺ ወጣ፤ ታሪክም አሸናፊውን ተከትሎ ሄደ። የዚያ እሑድ ነገር በጉዋዳላሃራ ጋዜጣ በጥቂት መስመር ወጥቶ ነበር፤ የሳን ኦኖፍሬ ሴቶች ዶሮና ጌጥ፣ አንድ የስፌት መኪናና አንድ ያማረ ባርኔጣ አዋጡ፣ አንዲት ወይዘሪትም ሕዝቡን በዜማ አስደሰተች ይላል። ታሪክ የሚያስተምሩ ሰዎች እንደሚነግሩን ያ ሁሉ ዶሮና ጉትቻ ተደምሮ ለዕዳው ኢምንት ነበር፤ እውነታቸውን ነው፤ ዕዳው የተከፈለው በሌላ ነው። በሳን ኦኖፍሬ ግን ከዚያ እሑድ ጀምሮ ሴት ልጅ ወደ ሰገነቱ ስትወጣ ፈቃድ የሚጠይቃት የለም። ሴቶቹ ያን ቀን ወደ አደባባዩ ምን ይዘው እንደ ወጡ ተጽፏል፤ ምን ይዘው እንደ ተመለሱ ግን የጻፈ የለም።